የክኒን ዕቁብ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ሰው መንገድ ላይ ያስቆመኛል። ባጃጅ ስጠብቅ፣ ከሱቅ ስወጣ፣ አንዳንዴም እሑድ ከጸሎት ቤት ደጃፍ ላይ፣ አንድ ሰው ጠጋ ይለኝና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ያወጣል። የሐኪም ማዘዣ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ይመጣል።

«ሲስተር፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛውን ልግዛ?»

ሲስተር አይደለሁም። ነርስነት ተምሬ አላውቅም። ሐዋሳና ዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች፣ መድኃኒት በሚታደልበት መስኮት ጀርባ ቆሜ ያረጀሁ ድራጊስት ነኝ። ግን ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ለሕዝባችን ሲስተር ናት፤ እኔም ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

ማዘዣውን ተቀብዬ አነባለሁ። «ሁሉም ያስፈልግዎታል» ብል ትክክል ነኝ፤ ነገር ግን የጠየቀኝ ሰው ይህን ያውቃል። ሁሉንም መግዛት ቢችል ኖሮ መንገድ ላይ አያስቆመኝም ነበር። ስለ ሥራ ዘመኔ ጻፊ እየተባልኩ ስወተወት ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሥራዬ ከሞላ ጎደል ይህንን አንድ ጥያቄ መመለስ ነበር፤ ብዙ ጊዜም በደንብ አልመለስኩትም።

የተማርኩት ዘግይቼ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜዬ የአንድ ክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ማታ ማታ፣ ታናሽ ወንድሞቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብቤ ተማርኩ። ቀን ወለል ስወለውል ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የማገኛቸውን፣ ከመድኃኒት ካርቶን ጋር የሚመጡትን በደቃቁ የተጻፉ ወረቀቶች ወደ ቤት እየወሰድኩ በመዝገበ ቃላት አነብ ነበር። ሌላ መጽሐፍ መግዛት አልችልም ነበርና ንባብን የለመድኩት በነሱ ነው። ዲፕሎማዬን ስቀበል አብረውኝ የተመረቁት ልጆች «እማማ» ይሉኝ ነበር፤ ገና አርባ እንኳ አልሞላኝም ነበር።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከከተማው ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ሥራ ያስተማረኝ ጋሽ ጴጥሮስ እዚያ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው። ክኒን በእጁ አይነካም። መቁጠሪያው ሳህን ላይ ያፈስና በቀጭኗ ማንኪያ አምስት አምስት እያደረገ ወደ ጎን ይገፋል፤ ሲጨርስ እንደገና ይቆጥራል። መሃል ላይ ካነጋገሩት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ማንበብ ለማይችል ሰው ፖስታው ላይ ፀሐይ ወይም ጨረቃ ይስልለታል። ከዚያ መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት፣ «እስቲ ቤት ስትደርሺ እንዴት እንደምትሰጪው አሳዪኝ» ይላል። እናቲቱ በባዶ ማንኪያ ለልጇ ስታጠጣ እያየ ያርማታል።

ከልማዶቹ ሁሉ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ ከሌለ፣ ወይም ሰውየው መግዛት እንደማይችል ከገባው፣ በመስኮቱ በኩል አይናገርም። በኋላ በር ይወጣል፣ ሕንፃውን ዞሮ ይመጣል፣ ሰውየውን ከሰልፉ ፈቀቅ አድርጎ በዝግታ ያነጋግረዋል። አንድ ኃላፊ ነበሩን፣ ቀልጣፋ፣ ሰልፍ የማይወዱ።

«ጋሽ ጴጥሮስ፣ ሰልፉ እኮ በሩ ጋ ደረሰ። እርስዎ ደግሞ ቤቱን ይዞራሉ» አሉት አንድ ቀን።

«ልዞር እንጂ። የሰውየውን ኪስ ሰልፈኛው ሁሉ ይስማለት?»

አንድ ገበሬ ልጁ ሳንባ ምች ይዞት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ታዘዘለት። ከሦስቱ የመረጠው ካርቶኑ ላይ የወፍራም ሕፃን ሥዕል ያለበትን ቪታሚን ነበር። እኔ በመስኮቱ «እሱ አይሆንም» ስል ሰውየው አፈረና ሁሉንም ትቶ ሊሄድ ዞረ። ጋሽ ጴጥሮስ ዞሮ ወጣ። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ሰውየው ግን ተመልሶ ፀረ ተሕዋሱን ገዛ። «ሰውየው ለምን እንደ ሸሸሽ ገባሽ?» አለኝ ሲገባ። «አንቺ መድኃኒቱን ነው የከለከልሽው፤ እሱ የሰማው ግን ድሃ መሆኑን ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዘዣ ሲመጣልኝ በሆዴ ቅደም ተከተል አወጣለሁ፦ ይህ ከሌለ ይሞታል፤ ይህ ከሌለ ይሰቃያል፤ ይህ ቢቀርም ይቀር።

ጋሽ ጴጥሮስ ጡረታ ሲወጣ እኔ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። እዚያ ሰልፉ ሌላ ነው። ሹፌር፣ ረዳት፣ ተሸካሚ፣ መንገደኛ፣ ከሁሉም በላይ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው የሚሸጡ ሴቶች። ሴቶቹ ለልጆቻቸው ይመጣሉ እንጂ ለራሳቸው አይመጡም። ለራሳቸው የመጡ ቀን ደግሞ በጣም ብሶባቸው ነው፤ አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል የቀኑን ገበያ መተው ነውና።

ዘይነባን ያወቅኋት በዚህ መስኮት ነው። የስልጤ ልጅ ናት፣ ፕላስቲክ ዕቃ ትሸጣለች፣ ድምፅዋ ከነሷ ተራ እስከ አውቶቡሶቹ ይሰማል። የደም ግፊት መድኃኒት ታዞላት ነበር። መድኃኒቱ እኛ ጋ አንዳንድ ጊዜ ይኖራል፣ ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ ሲጠፋ ከግል ፋርማሲ መግዛት ግድ ነው፣ እዚያ ደግሞ ዋጋው በመጣ ቁጥር ሌላ ነው። አንድ ቀን ስትመጣ እንደ ጋሽ ጴጥሮስ ልማድ የበፊቱን እንዴት እንደወሰደች ጠየቅኋት።

«በደንብ ወሰድኩት» አለች።

«ያለቀብሽ መቼ ነው?»

«ኧረ ቆየ። ከበዓሉ በፊት ነው።»

«ታዲያ እስከዛሬ የት ሄደሽ?»

«የት እሄዳለሁ? ተራዬ አልደረሰማ!»

መጀመሪያ የሐኪም ቀጠሮ መስሎኝ ነበር። ሳቀችብኝ። እሷ፣ አስቴርና ብርቄ ጎን ለጎን የሚሸጡ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ሦስቱም ግፊት አለባቸው። የወር መድኃኒት ለብቻ መግዛት ሲያቅታቸው ዕቁብ ገቡ። በየወሩ ያዋጣሉ፣ ዕጣ ያወጣሉ፣ የወጣላት የወሩን ክኒን ትገዛለች። ሁለቱ ይጠብቃሉ።

«ዳኛዋ እኔ ነኝ» አለች ዘይነባ፣ ራሷን ቀና አድርጋ። «አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም።»

እኔም ሳቅሁ፤ ግን ወዲያው ተውኩት። በኋላ በር ወጥቼ ዞሬ ሄድኩና የግፊት መድኃኒት በየቀኑ ካልተወሰደ እንደማይሠራ፣ በተራ እንደማይሆን አስረዳኋት። ጥርሷን በስንጥር እየነካካች እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«እሺ ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሦስት ወር አንዱን መዋጥና ጭራሽ አለመዋጥ እኩል ነው?»

ብዙ አንብቤአለሁ። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ግን ያነበብኩት ወረቀት ላይ አልነበረም፤ ወረቀቶቹ የሚጻፉት ሰው በየቀኑ እንደሚውጥ ታስቦ ነው። «ሦስታችሁም ኑና ተለኩ» አልኳት።

መጡ፤ ግን ገበያው እንዳይዘጋ ተራ በተራ። ብርቄ ራሷን በሻሽ ጠፍራ ነው የመጣችው፤ ሁልጊዜ ራሷን ያማታል። ግፊቷ ከፍ ያለ ቢሆንም ብዙ የሚያስደነግጥ አልነበረም። አስቴር የመጣችው የልባሽ ልብስ ቦንዳዋን አውርዳ፣ ላቧን እየጠረገች፣ እየሳቀች ነው። ቱላ ነው የምትኖረው፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ምሕረት የምትባለውን ልጇን የምታሳድገው በዚያ ቦንዳ ነው። የለካት ጤና መኮንን መሣሪያውን ፈትቶ እንደገና አሰረ። የላዩ ቁጥር ከሁለት መቶ አልፎ ነበር።

«ማሽኑ ነው የታመመው» አለች አስቴር። «እኔ እንደሆነ ይኸው ቦንዳ ተሸክሜ መጣሁ። ምንም አይለኝም።»

«ዕጣ ሲወጣላትም ለብርቄ ነው የምትሰጠው» አለች ዘይነባ፣ የራሷ ተራ እስኪደርስ በሩ ላይ ቆማ።

«እሷን ያማታል፣ እኔን አያመኝም። የሚያመው እያለ እኔ ምን ብዬ ልዋጥ?»

እነሱ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ደግ ሰው በቦታቸው ቢሆን እንደዚያው ይሳሳታል። ግፊት ጩኸት የለውም። ዕቁቡ በሥርዓት ነበር የሚሄደው፣ ማንም ማንንም አልበደለም፤ ክኒኑ ግን በየጊዜው ራሷን ወደሚያማት ሄደ፣ ግፊቱ ሊገድላት ካደባባት ሴት እየራቀ።

በዚያ ሰሞን ስለ አስቴር ብዙ አሰብኩ። የጤና መድን እንድትገባ ሞከርን፤ የመመዝገቢያው ጊዜ አልፎ ነበር፣ መታወቂያዋም ከሌላ ቀበሌ ነው። ቀጥሎ ጤና መኮንኑን አነጋገርኩት። ወጣት ነው፣ ሰው ይሰማል። ጤና ጣቢያችን ከማይጠፉት መድኃኒቶች አንዱ በሽንት ጨውና ውሃ እያስወጣ ግፊት የሚቀንስ ትንሽ ነጭ ክኒን ነው፤ ርካሽ ነው። «ለሷ ሁለት ዓይነት ነው የሚያስፈልጋት» አለኝ። «ግን አንዱን በየቀኑ ካገኘች፣ ሌላውን በሦስት ወር አንዴ ከማግኘት ይሻላል። በዚህ እንጀምርላት።» ትክክል ነበር። ዛሬም ቢጠይቀኝ ትክክል ነው እላለሁ።

አስቴር ደስ አላት። ክኒኑን ስትቀበል ሲዳሙ አፎና አማርኛ ቀላቅላ መረቀችኝ። ፖስታው ላይ ፀሐይ ሳልኩላት። እንዴት እንደምትውጠው እንድታሳየኝ ስጠይቃት ጣቷን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗን ጨፍና ዋጠች፤ ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።

ከዕቁቡም ወጣች። «እኔ አሁን የራሴ አለኝ» አለቻቸው። «ለናንተ ቶሎ ቶሎ ይድረሳችሁ።»

ከዚያ በኋላ በየወሩ ትመጣ ነበር። ፖስታዋ ሁልጊዜ ባዶ ነው። «እንዴት እየወሰድሽ ነው?» ስላት «ጠዋት ጠዋት፣ እንዳልሽኝ» ትላለች። ግፊቷ ግን ትንሽ ዝቅ ይልና እንደገና ይወጣል። ጨው ቀንሺ አልናት። መጠኑን ጨመርንላት። እሺ አለች። አስቴር እሺ ያላለችው ነገር አልነበረም። እኔ ደግሞ እሺታዋን እንደ ክኒን ቆጥሬ ልክ ነው ብዬ አለፍኩ።

የክረምት መግቢያ ላይ፣ ዝናብ እየመጣ ልብሷን በሸራ ልትሸፍን ስትጎነበስ ወደቀች። ዘይነባና ብርቄ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። እኔ የሰማሁት ከሥራ ስወጣ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘይነባን አገኘኋት፤ ያ ድምፅዋ የለም።

«ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል» አለችኝ። «አፏም ወደ አንድ በኩል ሄዷል።»

«ክኒኗን ግን ስትወስድ ነበር» አልኩ። ለሷ ሳይሆን ለራሴ ነበር ያልኩት።

ዘይነባ ቀና ብላ አየችኝ። «እሑድ እሑድ ነው የምትውጠው።»

«እንዴት እሑድ?»

«ሥራ የማትወጣው እሑድ ነዋ! ሲስተር፣ ያ ክኒን ያሸናል። እሷ የት ትሽና?»

ዘይነባ ቀጠለች።

«ሽንት ቤቱ ከኛ ተራ ማዶ ነው፤ በገባሽ ቁጥር ይከፈላል። በገባሽ ቁጥር ደግሞ ልብስሽ ሜዳ ላይ ነው። እኔና ብርቄ እንጠብቅላት ነበር፤ ደንበኛ ሲመጣ ግን ለሷ ልሽጥ ወይስ ለኔ? በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሹራብና አንድ ሱሪ ተሰረቀባት። ከዚያ ተወችው፤ የተረፈውን ክኒን ቤት እያራገፈች ፖስታውን ባዶ ይዛልሽ ትመጣ ነበር። እኛ እኮ ጠዋት ከቤት ስንወጣ ጀምሮ ማታ እስክንገባ ውሃ አንጠጣም፤ ማናችንም። አንቺ መስኮትሽ ውስጥ ሽንት ቤት አለሽ፣ ምን ታውቂያለሽ?»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ላንቺ? ፀሐይ ስለሽላት? ታፍር ነበር። ለሷ ብለሽ ቢሮ ለቢሮ ዞረሽ፣ እሷ ሽንቴን ትበልሽ?»

ለስንት ዓመት እነዚህን ሴቶች በመስኮት አይቻቸዋለሁ። ክኒን እንዴት እንደሚዋጥ አሳዩኝ ብያቸዋለሁ። ቀኑን እንዴት እንደሚውሉ አሳዩኝ ብዬ ግን አላውቅም። ጋሽ ጴጥሮስ ሕንፃውን ይዞር የነበረው ሰውየው ያለበት ለመድረስ ነው፤ እኔ የወረስኩት መዞሩን ብቻ ነበር። ከመስኮቱ እስከ ሴቶቹ ሸራ ያለው መንገድ ግን አጭር ነበር፣ ከኛ አጥር እስከ አውቶቡሶቹ፤ አንድ ቀን እንኳ ሄጄበት አላውቅም።

አስቴር ሆስፒታል ቆየች። ቦንዳው ተሸጠ፣ ቤት ያስቀመጠችው ሁለተኛው ቦንዳም ተሸጠ፣ የቀረው የቤቷ አልጋ ብቻ ነው። እድሩ፣ ጸሎት ቤቷና ጎረቤቱ አዋጡ። ዕቁቡም ለሷ ተከፈለ፤ ዘይነባና ብርቄ በዚያን ጊዜ ምንም አልዋጡም። አንድ ቀን፣ በየሳምንቱ ለሽንት ቤት የሚከፈለውን፣ የተሰረቀውን ሹራብና ሱሪ፣ ሆስፒታሉ ከወሰደው ጋር በሐሳቤ አስተያይቼ ነበር። ሳልጨርሰው ተውኩት።

የቀረኝን ጊዜ ሠርቼ ጡረታዬን ወጣሁ። በመጨረሻዎቹ ወራት ምሳ ሰዓቴን አውቶቡሶቹ አጠገብ ማሳለፍ ጀምሬ ነበር። ዘይነባ መጀመሪያ «ሲስተር ፍተሻ መጣች!» እያለች ታሾፍብኝ ነበር፤ በኋላ ሽንት ቤት ደርሳ እስክትመለስ ዕቃዋን እንድጠብቅላት ትሰጠኝ ጀመር። የፕላስቲክ ጆግ ሸጫለሁ፤ ዋጋ አታውቂም እየተባልኩ። ጤና መኮንኑም ለገበያ ሴቶች ያንን ክኒን ከመጻፉ በፊት «የት ነው የምትውይው?» ብሎ መጠየቅ ለመደ። ይህን እንደ ትልቅ ነገር አልቆጥረውም። ሌላው መድኃኒት እንደሆነ ዛሬም አንዳንድ ወር አለ፣ ብዙ ወር የለም፤ ሁለቱ ሴቶችም ዕጣቸውን እያወጡ ነው።

ባለፈው ሰሞን፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የራሴን የግፊት መለኪያ ይዤ አስቴርን ለማየት ቱላ ሄድኩ። ቤቷ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት፣ ግቢ ውስጥ። በሩ ላይ ወንበር አውጥተው አስቀምጠዋታል፤ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ተጋድሟል። ትምህርቷን ትታ አሁን በእናቷ ቦታ ሸራ ዘርግታ የምትሸጠው ምሕረት ናት፤ ሸቀጡን የሚሰጣት ሌላ ነጋዴ ነው። እሑድ ስለሆነ ቤት ነበረች፤ የእናቷን ፀጉር እየሠራች ነው።

«ክኒኗን ትውጣለች?» አልኳት።

«በየቀኑ። አንድም ቀን አልዘለለችም። እኔ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት እሰጣታለሁ።»

አስቴር ንግግሯ ገና ይጎተታል። ቃሉን ፈልጋ እስክታመጣው ጠበቅኋት። «አሁንማ» አለች፣ በደህናው እጇ ግቢው ጥግ ያለችውን ቆርቆሮ ቤት እያሳየችኝ፣ «ሽንት ቤቱ… እዚሁ ነው።» በግማሽ አፏ ሳቀች። ምሕረትም ሳቀች። ሳቁ እንደ ድሮዋ አስቴር ሳቅ ነበር፣ ጎን የጎደለው ብቻ።

የመለኪያውን ጨርቅ በግራ ክንዷ ላይ ጠምጥሜ ነፋሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ውስጥ አድርጌ ቁጥሩ ሲወርድ አየሁ። ተሳሳትኩ ብዬ ጥቂት ቆይቼ ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

«ምን ይላል?» አለች ምሕረት።

«በጣም ጥሩ ነው» አልኩ። እውነቴን ነበር። መስኮት ጀርባ በቆምኩበት ዘመን ሁሉ ለአስቴር እንዲህ ብያት አላውቅም ነበር።

«እማዬ ሰማሽ? ዳንሽ እኮ!»

አስቴር ፊቴን ስታጠና ቆየች። ከዚያ በቀስታ፣ ቃል በቃል እያወጣች፣ «እንግዲያው… ወደ ገበያዬ… መቼ… እመለሳለሁ?» አለችኝ።

ምሕረት የያዘችውን ማበጠሪያ አቆመች። ሁለቱም መልሴን ይጠብቁ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ ጨርቁን ከክንዷ ላይ መፍታት ጀመርኩ፤ መፍታቱን አራዘምኩት።